ሰባተኛው ጀሪካን

ስልኬ ሲጮህ ከአራዳ ሽንኩርት ገዝቼ ወደ ቤት እየወጣሁ ነበር። ቁጥሩን ሳየው መንገድ መሃል ቆምኩ። ጓደኛዬ ናት። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰችልኝም ነበር።

"አንቺ፣" አለች፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም። "አንድ ማኪና ለሁለት ነጂ ይሆናል አሉ።"

"ምን?"

"ምነው፣ ጆሮሽ ተደፈነ እንዴ? የውድድሩን ሰዎች ሄጄ ጠየቅኋቸው። አንዱን ማኪና ሁለት ሰው በየተራ ሊነዳው ይችላል። ስምሽን አስጽፌዋለሁ። ከፋሲካ በኋላ አብረን ነን።"

ጮህኩ። እልልታና እሪታ የተቀላቀለበት ጩኸት። ፌስታሉ ከእጄ አመለጠና ሽንኩርቱ ቁልቁለቱን ይዞ ተንከባለለ። በሯ ላይ ተቀምጣ ጎመን የምትቀነጥስ አንዲት ሴትዮ ደንግጣ ተነሣች።

"ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተ?"

"ልነዳ ነው!"

"ንጂ እንግዲህ፣" አለችኝ ተመልሳ እየተቀመጠች። "መጀመሪያ ግን ሽንኩርትሽን ልቀሚ።"

እየሳቅኩ ለቀምኩ። ሁለቱ ቦይ ገብተው ቀሩ፤ እናቴ ስትቆጣኝም አልሰማኋትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንኳን ሽንኩርት፣ ቤቱ ቢንከባለል ግድ የለኝም።

ግን ይህን ያህል ያስጮኸኝ ምን እንደሆነ እንድታውቁ ከዚያ በፊት የሆነውን ልንገራችሁ። የሆነው ደግሞ የሚያኮራ አይደለም። ቀንቼ ነው። እንዲህ ዝም ብሎ አፍ ላይ የሚቀር ቅናት አይደለም፤ ምግብ የሚከለክል፣ ጠዋት ስትነሡ ከእናንተ ቀድሞ ነቅቶ የሚጠብቃችሁ ዓይነት ነው።

ከአዘዞ ወዲህ አንድ ጠጠር የበዛበት ሜዳ አለ። በሥራ ቀን አንድ ሸበቶ የመንጃ ፈቃድ አሠልጣኝ ለማጆቹን የሚያሠለጥንበት ነው። ሁላችንም "አያ" ነው የምንለው። እሑድ ከሰዓት ግን ሜዳው የኛ ነው። አያ የሚያሠለጥንባትን አሮጌ ነጭ ማኪና ያመጣልናል፤ እኛ አሸዋ የተሞሉ አሥራ ሁለት ቢጫ ጀሪካኖችን ሜዳው ላይ እናቆማለን። ከዚያ አንድ በአንድ እየገባን በጀሪካኖቹ መሃል እየተጠማዘዝን እንነዳለን፤ የምንወዳደረው ከሰዓት ጋር ነው። ጀሪካን የነካ ሁለት ሰከንድ ይጨመርበታል። ጀሪካን የዘለለ ጭራሽ ሰዓቱ አይያዝለትም። ሰዎች ስለ ውድድር ስነግራቸው በፍጥነት የምንበር ይመስላቸዋል። ማኪናችን ከሁለተኛ ማርሽ አልፋ አታውቅም። ኋላዋ ላይ በትልቁ "ለማጅ" የሚል በቀይ ቀለም ተጽፎባታል።

"ለማጅ ተብላ የምትወዳደር ማኪና በዓለም ላይ የኛ ብቻ ናት፣" ይላል ባጃጅ ነጂው። እሱ ሦስተኛችን ነው፤ የሰፈራችን ልጅ ሆኖ አሁን የባጃጅ ሹፌር ነው፣ ሰዓት የሚይዘውም በእሱ ስልክ ነው። አፉ አያርፍም።

ጓደኛዬን ወደዚያ ሜዳ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ይህን አስምሩልኝ። እኔ ነኝ! ከመካነ ብርሃን መጥታ ከቤታችን ጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራይታ የምትማር የክፍሌ ልጅ ናት። ያን ጊዜ እኔ አሥራ ስምንት ሞልቶኝ መንጃ ፈቃዴን ካወጣሁ ስድስት ወር ሆኖኝ ነበር፤ እሷ ደግሞ መሪ ጨብጣ አታውቅም። "ነይ እዪኝ፣" ብዬ ነው የወሰድኳት። ልታየኝ። ላስቀናት።

አያ እየሳቀ "አንቺስ አትሞክሪም?" አላትና ከጎኗ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ቀን ሦስት ጊዜ ሞተር አጠፋች። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሻችሁ። በሁለተኛው እሑድ አላጠፋችም። በሦስተኛው ወር መንጃ ፈቃዷን አወጣች፤ ከእኔም ቀደመች።

"እንዴት ነው እንዲህ የምትዞሪው?" ብሎ ጠየቃት ባጃጅ ነጂው።

"ከአገር ቤት ስመጣ ሁልጊዜ ከሹፌሩ ጎን ነው የምቀመጥ፣" አለችው። "ሌላው ሰው ገደሉን ሲያይ እኔ የሹፌሩን እጅ አያለሁ። መሪውን ከማዞሩ በፊት ዓይኑ ኩርባውን ጨርሶት ነው የሚመለስ።"

አያ እጁን አጨበጨበ። "ሸጋ! አያችሁ? በዓይኗ ነው የምትነዳ!"

ሸጋ። ለእኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ አንድ ቀን "ምንም አትይም" ብሎኛል። ይህችን ቃል እንደ ጌጥ ይዤ ቤት ሄጄ ለእናቴ ነግሬያት ነበር። አሁን ለእሷ ሸጋ!

በዚያ ላይ ደግሞ ጫማው አለ። የእሷ ጫማ ወፍራም ፕላስቲክ ስለሆነ ከፍሪሲዮኑ ላይ ያንሸራትታታል። የእኔ ሶሉ ቀጭን የሆነ ሸራ ጫማ ነው፤ እግር ፔዳሉን ይሰማዋል። ተራዋ ሲደርስ አወልቅና አውሳታለሁ፤ እኔ በካልሲ ጠጠሩ ላይ ቆሜ በራሴ ጫማ ስትበልጠኝ አያለሁ። በራሴ ጫማ! ስትጨርስ ደግሞ አቧራውን ጠርጋ፣ ክሩን አስተካክላ ነው የምትመልስልኝ። ብታቆሽሽልኝ ኖሮ ቢያንስ የምናደድበት ምክንያት አገኝ ነበር።

ቤትም ገባችብኝ። እናቴ "ያቺን ልጅ ጥሪያት፣ ብቻዋን ምን ትበላለች" ትላለች። አባቴ፣ ስለ ሰው ልጅ ጠይቆ የማያውቀው አባቴ፣ "የመካነ ብርሃኗ ልጅ ደህና ናት?" ይላል። እኔ ደህና መሆኔን ማን ይጠይቅ?

አባቴ የአቋቋም መምህር ነው። ተማሪዎቹ በግቢው ጥላ ሥር በሁለት ረድፍ ቆመው መቋሚያቸውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እያዘመሙ ዜማውን በቃላቸው ያጠናሉ። እኔ ሴት ልጅ ብሆንም ከዚያ ድምፅ ሥር ነው ያደግኩት። መጀመሪያ ዝማሜ፣ ዝግ ያለው፤ ቀጥሎ መረግድ፣ ፈጠን ያለው፤ መጨረሻ ጽፋት፣ ጭብጨባ እየተጨመረበት የሚሮጠው። እንቅልፍ እንኳ የሚወስደኝ በዚያ ቅደም ተከተል ነው።

ጓደኛዬ በዓይኗ ከነዳች እኔ ምን አለኝ ብዬ ሳስብ ከረምኩና፣ አንድ ቀን በግቢያችን አሥራ ሁለት ድንጋይ ደርድሬ ልክ እንደ ሜዳው በእግሬ እየቆጠርኩ መሄድ ጀመርኩ። ከአንደኛው እስከ ሁለተኛው አሥር እርምጃ፣ ወደ ግራ። ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው አሥራ አንድ፣ ወደ ቀኝ። አባቴ መጽሐፉን አጥፎ ሲያየኝ ቆየ።

"ምን እያጠናሽ ነው?"

"መንገድ ነው፣ አባዬ። የማኪና።"

ይስቅብኛል ብዬ ነበር። ተነሥቶ መጣ። "አፍሽ ዝም ይበል። እግርሽ ይቁጠረው። መጀመሪያዎቹን አራቱን ዝማሜ አድርጊያቸው። ዝማሜው ሳይረጋ ወደ ጽፋት አትሩጪ።" ከዚያ መቋሚያውን ከፍ አድርጎ ልክ እንደ ተማሪው አዘመመልኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። "ደግሞ ስሕተት በቃልሽ እንዳታስገቢ። በቃል የገባን ስሕተት ለማውጣት አዲስ ከመማር ይልቅ ይከብዳል።"

ይህች ምክር ቆይታ ነው የገባችኝ።

ሰዓቴ መቀነስ ጀመረ። ሃምሳ አምስት፣ ሃምሳ ሦስት፣ ሃምሳ አንድ። ማታ ዓይኔን ጨፍኜ አሥራ ሁለቱንም ጀሪካን እዞራቸዋለሁ፤ እጄ ብርድ ልብሱ ውስጥ መሪ ያዞራል። ግን እሷ ሁልጊዜ በአንድ ሰከንድ ቀደም ብላ ነው የምትገኘው። አንድ ሰከንድ! ባትኖር ኖሮ እኮ ጎበዝ ነበርኩ።

ከፋሲካ በኋላ ከከተማው ሁሉ የሚሰበሰቡ ነጂዎች የሚወዳደሩበት ቀን እንዳለ የነገረን አያ ነው። ባጃጅ ነጂው ከባጃጆቹ ጋር ይገባል። "ለእናንተ ያለችኝ ይህች አንዲት ማኪና ናት፣" አለን ለሁለታችን። "አንዷን ነው የምልክ። በመጪው እሑድ ሁለት ሁለት ዙር ትነዳላችሁ። የተሻለ ሰዓት ያላት ትሄዳለች።"

በዚያ ሳምንት ከጓደኛዬ ጋር ትምህርት ቤት ስንሄድ ስንመለስ ስለ ውድድሩ አንድም ቃል አላነሣሁም። እሷ ግን "ማንኛችንም ብንሄድ ሸጋ ነው፣" ትላለች። ይህን ማለት የሚችለው የሚያሸንፍ ሰው ነው ብዬ በልቤ ተቃጠልኩ።

እሑድ ደረሰ። ጠዋት እኔና እሷ ጀሪካኖቹን አቁመን ዙሪያቸውን በአመድ ክብ አሠመርን፤ ተገጭተው ሲወድቁ ወደ ቦታቸው እንድንመልሳቸው ነው። ርቀቱን አብረን በእርምጃ ቆጠርን። ከስድስተኛው እስከ ሰባተኛው አሥራ አራት።

ከሰዓት አባቴ መጣ። ጥምጥሙን ጠምጥሞ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ መቋሚያውን ተደግፎ ሜዳው ዳር ቆመ። ስነዳ አይቶኝ አያውቅም ነበር። ባጃጅ ነጂው ሮጦ ሄዶ ጉልበት ሊስም አለ።

"የኔታ፣ ማኪናዋን ይባርኩልን! ፍሬኗ ያሳስበናል።"

"ፍሬኗን አሠሩላት፣" አለው አባቴ።

የመጀመሪያው ዙር፤ እሷ አርባ ዘጠኝ፣ እኔ ሃምሳ። አንድ ሰከንድ፣ እንደ ሁልጊዜው። ጫማዬን ስትመልስልኝ አባቴ ከሩቅ "ጎበዝ ልጅ!" አላት። ለእሷ።

ያን ጊዜ ማኪናዋ ሞቀች። አያ ኮፈኑን ከፈተ፣ እንፋሎቱ ወጣ፤ ሁሉም ውሃ ይዘው ከበቧት። ለሁለተኛው ዙር ዕጣ ወጥቶ ጓደኛዬ ቀዳሚ፣ እኔ ተከታይ ነኝ። ሜዳው ላይ ብቻዬን ቀረሁ። "ጀሪካኖቹን ላስተካክል" ብዬ ሄድኩ። አንደኛው ደህና ነው፣ ሁለተኛው ደህና ነው። ሰባተኛው ዘንድ ስደርስ ዞር ብዬ አየሁ። ማንም አያየኝም።

ሰባተኛውን ጀሪካን ወደ ስድስተኛው በኩል አንድ እርምጃ ጎተትኩት። የአመዱን ክብ በጫማዬ አሸሁት። በዚያ ኩርባ ፈጥና ስትመጣ ትገጨዋለች፤ ሁለት ሰከንድ ይጨመርባታል። እሷ ስትጨርስ "ላቃናው" ብዬ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ። ሁሉንም አስቤበታለሁ። እስካሁን የሚያስገርመኝ ይህ ነው።

ተመልሼ መጥቼ እንደ ልማዴ ጫማዬን አውልቄ ለጓደኛዬ ሳውሳት አባቴ ሰዓቱን ያያል።

"የሠርክ ጸሎት ደርሶብኛል፣ ልጄ። ሁለተኛውን ዙር እንኳ ሳላይ ልሄድ ነው።"

ጓደኛዬ ሰማችው። "ምነው የኔታ? ይቆዩ እንጂ!" ወደ አያ ዞረች። "አያ፣ እሷ ትቅደም። አባቷ ሳያያት ሊሄድ ነው። እኔ ምን ይቸኩለኛል?"

"አይ፣ ዕጣ ዕጣ ነው፣" አልኩ እኔ።

"ምን ዕጣ ነው! ግቢ እንጂ!" ብላ በሩን ከፈተችልኝ።

ገባሁ። ምን ልበል? ጀሪካኑ ከቦታው እንደወጣ አውቃለሁ፤ እኔው ነኝ ያወጣሁት። ሰፋ አድርጌ እዞረዋለሁ አልኩ። ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ። የመጀመሪያዎቹ አራት በዝማሜ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ነድቼ አላውቅም። መሪው ከእጄ ቀድሞ የሚያውቅ መሰለኝ። አምስተኛ፣ ስድስተኛ፣ መረግዱ ገባ፤ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት፤ እና እጄ ዞረ። ሁለት ወር ሙሉ በየሌሊቱ በዞረበት ቦታ ዞረ። ጭንቅላቴ "ሰፋ አድርጊ!" ሲል እጄ ጨርሶታል።

ዷ! ጀሪካኑ ከጎማው ሥር ተስፈንጥሮ ወደቀ።

ጨረስኩ። ባጃጅ ነጂው ስልኩን አየ፣ ደግሞ አየ። "አርባ ስምንት!" ብሎ ጮኸና ወዲያው ፊቱ ወደቀ። "ከነቅጣቱ ሃምሳ። ኧረ ወይኔ፣ አንቺ ልጅ! አርባ ስምንት እኮ ማንም ነድቶ አያውቅም!"

አርባ ስምንት። ጀሪካኑን ባልነካው፣ ማለትም በጎተትኩበት እጄ ባልነካው፣ አሸንፌያት ነበር። በንጹሕ።

ከማኪናዋ ሳልወርድ ጓደኛዬ ሰባተኛው ጀሪካን ዘንድ ደርሳ ጎንበስ ብላ መሬቱን ስታይ አየኋት።

"አያ! ይህ ጀሪካን ከቦታው ወጥቷል! የተደመሰሰው አመድ ይኸው እዚህ ነው፣ እዩት። ጠዋት አብረን ቆጥረነዋል፣ አሥራ አራት ነበር። አሁን የቆመበት ምልክት አሥራ ሦስት ላይ ነው። ይህማ ግፍ ነው፣ ትድገም!"

"ነፋስ ይሆናል፣" አለ ባጃጅ ነጂው።

"ምነው፣ ነፋስ አሸዋ የሞላውን ጀሪካን ተሸክሞ ሲሄድ አይተህ ታውቃለህ? ትድገም አልኩ!"

ስለ እኔ ነው የምትከራከረው። ለእኔ! በዚያች ደቂቃ ከመቼውም የበለጠ ቀናሁባት፤ በመንዳት ብቻ ሳይሆን በዚህም በለጠችኝ። አያም "እውነቷን ነው፣ ድገሚው፣" አለ። አንዲት ቃል ሳልናገር ሞተሩን ማስነሣት እችል ነበር። አባቴን አየሁት። መቋሚያውን ብብቱ ሥር አድርጎ ቆሟል፤ መሄዱን ረስቶታል።

"እኔ ነኝ፣" አልኩ።

"ምኑ?"

"ጀሪካኑን ያንቀሳቀስኩት።"

ጓደኛዬ ቀስ ብላ ቀና አለች።

"ለእኔ ነበር?"

"አዎ።"

ጎንበስ ብላ፣ ከተራዋ ቀድማ ያጠለቀችውን ጫማዬን ፈታች። አሁን ስጽፈው ትዝ ይለኛል፤ ለካ እኔ ያን ወሳኝ ዙር በካልሲ ነው የነዳሁት፣ እስከዚያች ደቂቃ አላስተዋልኩትም። ጫማውን ጠረገችና እግሬ ሥር አስቀመጠችው። ከዚያ እሷም በካልሲ ገብታ ነዳች። አርባ ዘጠኝ።

አያ የእኔን ሰዓት ሰረዘው። "እሷ ትሄዳለች። አንቺ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ጀሪካኖቹን የምታቆሚ፣ አመዱን የምትነሰንሺ አንቺ ነሽ። በየሳምንቱ።"

ቤት ስንገባ አባቴ አልተቆጣኝም። በማግሥቱ ድንጋዮቼ ዘንድ ተቀምጬ አገኘኝና አጠገቤ ተቀመጠ።

"ተማሪ ሳለሁ ድምፁ ከእኔ የሚያምር ጓደኛ ነበረኝ፣" አለኝ። "በአንድ ዓመት በዓል ዋዜማ ጉሮሮው ተዘጋና እኔ መራሁ። ሲዘጋበት ደስ አለኝ። ስንት ዓመቱ! ያን ቀን ምን እንደመራሁ አላስታውስም። ደስ ያለኝን ግን አልረሳሁትም።" ከዚያ ተነሥቶ መቋሚያውን አቀበለኝ። "በይ፣ ሰባተኛውን እንደገና ቁጠሪው። ስሕተቱ በቃልሽ ሳይገባ።"

ሦስት እሑድ ሄድኩ። ጀሪካን አቆምኩ፣ አመድ ነሰነስኩ፣ ጫማዬን አውልቄ ማኪናዋ ደጃፍ ላይ አስቀመጥኩላት። ሁለት ጊዜ አልፋው ገባች። በሦስተኛው አጠለቀችው፤ ግን አላናገረችኝም። አሁንም እቀና ነበር፣ መቼም ቅናት ስለተናዘዙት ብቻ አይወጣም። ስትዞር አያታለሁ፣ ጀሪካኑን ግን ከክቡ ልክ መሃል አቆመዋለሁ።

ከዚያ ነው ስልኩ የመጣው። ሽንኩርቱን ለቅሜ ስጨርስ መልሼ ደወልኩላት።

"ለምን አስጻፍሽኝ?" አልኳት።

"ያቺ አርባ ስምንትሽ።"

"ምን ሆነች?"

"ሦስት ሳምንት ሞከርሁ፣ አልደርስባት አለችኝ። አርባ ዘጠኝ፣ አርባ ዘጠኝ፣ አርባ ዘጠኝ! በካልሲ ነድተሽ፣ ጀሪካን ገጭተሽ አርባ ስምንት! እንቅልፍ አጣሁ እኮ። ትምህርት ቤት ስትስቂ ሳይሽ እንኳ እናደዳለሁ።"

"ቀንተሻል፣" አልኳት።

"ቀናሁ! ምነው፣ ቅናት ለአንቺ ብቻ ነው የተሰጠ?" ከዚያ ሳቀች፣ ያቺን ደረቅ ሳቋን። "ገና ይቅር አላልሁሽም። ግን አንቺ ሳትነጂ ብቻዬን ባሸንፍ ምን ይጥመኛል? ነይ፣ በሰው ፊት ላሸንፍሽ።"

"አታሸንፊኝም።"

"እናያለና።"

ደስታዬ እንግዲህ ይህ ነው። አንድ ሰው በእኔ ቀንቷል! ያውም እሷ!

እስከ ፋሲካ ድረስ በየእሑዱ ከሰዓት ሜዳው ላይ ነን፤ ከአዘዞ ወዲህ፣ "ለማጅ" የሚል ነጭ ማኪና ስታዩ እዚያው ናችሁ። ኑ። መንጃ ፈቃድ ያላችሁ አንድ ዙር ትነዳላችሁ፣ የሌላችሁ ከአያ ጎን ተቀምጣችሁ ትሞክራላችሁ። ሶሉ ቀጭን ጫማ አድርጋችሁ ኑ፤ ከሌላችሁ የእኔ ሠላሳ ሰባት ቁጥር ነው፣ ሁለት ሰው ለምዶታል፣ ሦስተኛም አይከፋውም። የምትቀኑበትን ሰው ይዛችሁ ብትመጡ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል። ጀሪካኖቹ ልክ ቦታቸው ላይ ናቸው። ካላመናችሁኝ በእግራችሁ ቁጠሩት፤ ከስድስተኛው እስከ ሰባተኛው አሥራ አራት እርምጃ ነው።